ምዕራፍ 4፦ ሳይደገም የሚደገም

ይህን ምዕራፍ ልጽፍ በተቀመጥኩበት ማታ፣ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ፣ በስልኬ አንድ ደቂቃ ይዤ ትንፋሼን ቆጠርኩ። 13 ሆነ። ደገምኩት፤ 11። ሦስተኛው ላይ 9 ሲሆን ተውኩት። ቀኑን ሙሉ ማንም ሳያዘው ሲገባና ሲወጣ የዋለ ትንፋሽ፣ ልቆጥረው ስቀመጥ እኔ የምስበውና የምለቀው ሥራ ሆኖ አረፈው። ቁጥሩ እያነሰ የሄደውም ለዚሁ ነው፤ ሳላውቀው የተረጋጋ ሰው ለመምሰል እየጣርኩ ነበር። ለማን እንደምመስል ግን እንጃ።

የጥንት የህንድ የዮጋ ጽሑፎች በዚህ ጉዳይ አያመነቱም። ሰው በቀንና በሌሊት 21,600 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽም፣ ቢያውቅም ባያውቅም፣ አንድ ማንትራ ይደግማል ይላሉ። የማንትራው ስም ሶሃም ነው።

ቁጥሩ መጀመሪያ ያሥቃል፣ ሲያሰሉት ግን ያስገርማል። 21,600ን ለ1,440 ደቂቃ ብናካፍለው በደቂቃ 15 ይደርሳል። የዛሬ ሐኪሞች ያረፈ ጤነኛ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ እንደሚተነፍስ ይናገራሉ። ታዲያ ያ ሁሉ መናኝ ተቀምጦ አፍንጫ ሲቆጥር ኖሯል? አይመስለኝም። ሱርያ ሲድሃንታ የተባለው የሳንስክሪት የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ቀኑን በ60 ናዲ፣ ናዲውን በ60 ቪናዲ፣ ቪናዲውን ደግሞ በ6 ፕራና ይከፍላል። ፕራና ትንፋሽ ማለት ነው፤ በኛ ሰዓት 4 ሴኮንድ ይሆናል። ስታባዙት 21,600 ይመጣል። አንድ ክብም በ360 ዲግሪ፣ ዲግሪውም በ60 ሲከፈል የሚያወጣው ይህንኑ ቁጥር ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ሰማዩ ከዙሪያው አንዷን ትንሽ ክፋይ ይዞራል ማለት ነው። ቁጥሩን ሰማይ ሲለኩ የነበሩ ሰዎች ደርሰውበታል፣ ዮጊዎቹ ደግሞ ወደ ደረታቸው አምጥተውታል ብዬ እገምታለሁ።

የዚህ ዓይነቱ ድግም ስም አጃፓ ጃፓ ይባላል። ጃፓ ማለት መድገም ነው፤ «ዳዊት ደገመ» በምንልበት ትርጉም፣ መቁጠሪያ ይዞ የሚጸልይ ሰው በሚያውቀው ትርጉም። (ከዚሁ ቃል የወጣው «ድግምት» ሌላ መንደር ነው፤ ከዚህ አይደባለቅብን።) አጃፓ ደግሞ ያልተደገመ። ሲጣመሩ፣ ሳይደገም የሚደገም። ማንትራ የሚለው ቃል ራሱ «ማን» ከሚል ሥር ይወጣል፤ ማሰብ ማለት ነው። «ትራ» የመሣሪያ ቅጥያ ነው። መጥረጊያ፣ መክፈቻ፣ ማንኪያ እንደምንለው፣ ማንትራ በቀጥታ ሲፈታ ማሰቢያ ነው።

ይህ ማሰቢያ ከሁለት ቃላት ይሠራል። «ሳሃ» እሱ፣ «አሃም» እኔ። ሳንስክሪት ሁለት ቃል ሲጎራበት ድምፁን ያቀልጣል፤ እኛም «የእኔ» ብለን ጀምረን «የኔ»፣ «ስለ እሱ» ብለን «ስለሱ» እንደምንለው ነው። ሳሃ እና አሃም ተጋጭተው ሶሃም ይሆናሉ። እሱ፣ እኔ። ሌላ ቃል የለበትም።

እዚህ ላይ አማርኛ ተርጓሚን ያስቸግራል። «ነው» ወይም «ነኝ» ሳይሉ መዝጋት አይቻልም፤ ከዘጉ ደግሞ ባለቤቱን መምረጥ ግድ ነው። «እኔ እሱ ነኝ» ካልን ሰውዬው ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ትንሽ ሰው ትልቅ ስም ለብሷል፤ ጎረቤት ቢሰማ «ኧረ በስመ አብ!» ይላል። «እሱ እኔ ነው» ካልን ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ትልቁ መጥቶ ትንሹን ሞላው። ሳንስክሪቱ ሁለቱንም አይልም፤ ቃላቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም ይላል። ደጋግመው ሲሉትማ ሶ-ሃም-ሶ-ሃም እያለ ሄዶ መነሻው የቱ እንደነበረ ይጠፋል፤ ከመሃሉ ሃም-ሳ የሚል ሌላ ቃል ብቅ ይላል። ለአማርኛ ጆሮ የቁጥር ስም ነው፣ ለሳንስክሪት ግን ዝይ። ብዙዎች እንደሚሉት ሂማላያን ተሻግራ የምትበርረዋ፣ ራሷ ላይ ጥቁር መስመር ያላት ዝይ ናት። በህንድ ሥነ ጽሑፍ ወተትና ውኃ ቢቀላቀሉ ወተቱን ለይታ ትጠጣለች ይባልላታል። ከፍተኛ መዓርግ የደረሰ መናኝ ፓራማሃምሳ፣ ታላቁ ዝይ፣ የሚባለውም ከዚሁ ነው። የትኛው ድምፅ ሲገባ፣ የትኛው ሲወጣ እንደሚሰማ ጽሑፎቹ አይስማሙም። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ትምህርት «ሶ» ሲገባ «ሃም» ሲወጣ የሚለው ነው። አየሩ በአፍንጫ ሲሳብ በቀስታ ካዳመጣችሁት በእርግጥ ስ-ስ የሚል ነገር አለው፤ ሲለቀቅ ሀ-ሀ።

ሶሃም ግን የተወለደው በትንፋሽ ልምምድ ውስጥ አይደለም። ከቀደሙት መገኛዎቹ አንዱ ኢሻ ኡፓኒሻድ ነው። 18 ስንኝ ብቻ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ናት፤ በአሥር ደቂቃ ታልቃለች፣ በአሥር ዓመት ላትገባ ትችላለች። ወደ መጨረሻዋ የሚሞት ሰው ይናገራል። ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ፣ የእውነት ፊት በወርቅ ክዳን እንደተሸፈነ እያየ፣ ክዳኑን አንሺልኝ ይላታል። ጨረርሽን ሰብስቢ፣ ብርሃንሽ ዓይኔን ጋርዶታልና። ከዚያ ከብርሃኑ ወዲያ፣ በፀሐይዋ ውስጥ ያለውን አካል ያያል፤ ሲያየውም የሚያውቀው ሆኖ ይገኛል። ሶሃም የሚለው እዚያ ነው። ቀጥሎ ትንፋሹን ለነፋስ፣ ገላውን ለአመድ ይሰጣል።

ይህን ሰው ልብ በሉት። ሊኩራራ ጊዜ የለውም። ስሙ፣ ዘመዱ፣ ከብቱ፣ ጉልበቱ ከእጁ እየወጣ ነው፤ ገላው ለእሳት ተዘጋጅቷል። «እኔ» የሚልበት ነገር ሁሉ ተራግፎ ሲያልቅ ነው «እሱ እኔ» የሚለው። ማንትራውን በጤና ዘመኑ የሚደግም ሰው የሚሞክረው፣ ይህ ሰው መጨረሻ ላይ ተገዶ የደረሰበትን ቦታ ቀድሞ ማየት ነው።

ይህን ንግግር ወደ ፍልስፍና የወሰደው አድቫይታ የተባለው ትምህርት ነው። «ድቫይታ» ሁለትነት፣ «አ» ደግሞ ማፍረሻ፤ የግእዝን «ኢ» የምታውቁ ኢ-ምንታዌ ልትሉት ትችላላችሁ። ታላቁ መምህሩ ሻንካራ በደቡብ ህንድ፣ በዛሬው ኬረላ፣ ካላዲ በተባለ መንደር ተወለደ። ብዙ ሊቃውንት በ8ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀምጡታል፤ ትውፊቱ 32 ዓመት ብቻ ኖረ ይላል። የንጉሡ ዘመን ተማሪዎች የነበሩ አንባቢዎች ኬረላን በሌላ በኩል ያውቋታል፤ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሯቸው ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ ነው። ከእነሱም ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ስለነበሩ ስለ ሶሃም ክፍል ውስጥ ሰምታችሁ ካላወቃችሁ አይደንቅም።

የሻንካራ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው። የሁሉ መሠረት ብራህማን ነው። አትማን የሚባለው የእያንዳንዱ ሰው እውነተኛ ማንነት ከብራህማን የተለየ አይደለም። ልዩነት ያለ የሚመስለን ባለማወቅ ነው፤ በድንግዝግዝ ገመዱን እባብ ብሎ እንደሚደነግጥ ሰው። አትማን የሚለው ቃል ከመተንፈስ ጋር ዝምድና እንዳለው ብዙ የቋንቋ አጥኚዎች ይገምታሉ። ነፍስ፣ ትንፋሽና ንፋስ ከአንድ ሥር በሚወጡበት ቋንቋ ለምንኖር ለእኛ ይህ ዝምድና ማስረጃ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልለይ፤ አማርኛ አንባቢ «ሁለት ያልሆነ አንድ» ሲሰማ ልቡ ወደ ተዋሕዶ ይሄዳልና። ነገሩ ሌላ ነው። ተዋሕዶ ስለ አንዱ ስለ ክርስቶስ የሚነገር ነው፤ መለኮትና ትስብእት ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለየት አንድ ሆኑ ይላል። አንድ ለመሆን የሚዋሐዱ ነገሮች አሉ። አድቫይታ ግን የሚናገረው ስለ ማንኛውም ሰው ነው፤ ውሕደትም አያስተምርም። ሻንካራን «ነፍስ ከብራህማን ጋር የምትዋሐደው መቼ ነው?» ብትሉት፣ መቼ ሁለት ነበሩና ብሎ ይመልስላችኋል።

ታዲያ ሁለት ነገር ሲሆኑ እያየን እንዴት አንድ ናቸው ይባላል? ያኛው ሁሉን ቻይ፣ ይሄኛው የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ደመወዙ የሚያልቅበት። የአድቫይታ መምህራን ለዚህ አንድ ምሳሌ አላቸው፤ በህንድ ስሙ ዴቫዳታ ነው፣ እኔ ወደ ሰፈሬ አምጥቼ ልንገራችሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችኋል። ከፊታችሁ ያለው ሰው ዞር ሲል አንድ ነገር ጭንቅላታችሁን ይነካዋል። ራሱ ተመልጧል፣ ቦርጭ አውጥቷል፣ የባንክ መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ትኩር ብላችሁ ታዩታላችሁ። «እንዴ! ማሙሽ?» ያ በባዶ እግሩ የጨርቅ ኳስ የሚያባርር፣ የጎረቤት መስታወት ሰብሮ ሦስት ቀን የተደበቀ ማሙሽ! ቤት ገብታችሁ «ያ ማሙሽ እኮ ይሄ ሆኖ አገኘሁት» ትላላችሁ። በሳንስክሪትም ምሳሌው የሚጀምረው በዚያው «ሳሃ» ነው፤ ያ፣ ይህ ነው።

አሁን ዓረፍተ ነገሩን መርምሩት። የ8 ዓመት ልጅ የ45 ዓመት ሰው አይደለም። ባዶ እግር ቆዳ ጫማ አይደለም። ያ ሰፈር ይህ ሰልፍ አይደለም። ቃል በቃል ከወሰድነው ሐሰት ነው። እውነት የሚሆነው ከ«ያ» ላይ ልጅነቱንና ሰፈሩን፣ ከ«ይህ» ላይ ቦርጩንና መታወቂያውን ስናወርድ ነው። የሚቀረው ሰውዬው ነው፤ እሱም አዲስ አልተፈጠረም፣ ሁለት ሆኖም አያውቅ። ከምሳሌው የምወደው ፍጥነቱን ነው። ማሙሽን ለማወቅ ስሙን 1,000 ጊዜ አልደገማችሁም። ትኩር ብላችሁ ስታዩት ድንገት ታወቃችሁ።

ሶሃምም እንዲሁ ይፈታል። ከ«እሱ» ላይ ሩቅነቱን፣ በዙፋን መቀመጡን አውርዱ። ከ«እኔ» ላይ ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ቂሜን፣ መታወቂያዬ ላይ የተጻፈውን ሁሉ አውርዱ። በሁለቱም ወገን የሚቀረው፣ ይላል አድቫይታ፣ ማወቅ ብቻ ነው፤ ይህን ወይም ያን ማወቅ ሳይሆን፣ ሁሉ የሚታወቅበት ብርሃን። እኩሌታው የሚሠራው ሁለቱም ጎን ሲቀልል ነው። አንዱን ጎን ብቻ አቅልለው ሌላውን እንዳለ የተዉት ሰዎች ናቸው «እኔ አምላክ ነኝ» እያሉ ተከታይ የሚሰበስቡት፤ በህንድም፣ ከህንድ ውጭም ሞልተዋል። መታወቂያቸውን ሳያወልቁ ዙፋኑ ላይ ወጥተዋል።

ይህን አፈታት ህንድ ሁሉ ተቀብሎታል ብላችሁ እንዳታስቡ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በኡዱፒ የኖረው ማድቫ፣ የሁለትነት ትምህርት አባት፣ አንዲት ፊደል ይዞ ተነሣ። ከሶሃም ጋር አንድ ቤት የሚያድር ሌላ ታላቅ ቃል አለ፣ በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ አባት ለልጁ የሚነግረው፦ ታት ትቫም አሲ። «ያ አንተ ነህ።» ከፊቱ ያለው ቃል አትማ ነው። ሳንስክሪት ተያይዞ ሲነበብ የ«አትማ» መጨረሻና የሚከተለው ቃል መነሻ «አ» ቢሆን ይዋጣል፣ ባይሆንም ድምፁ ያው ነው። ስለዚህ፣ አለ ማድቫ፣ «ታት» ሳይሆን «አታት» ነው፤ «ያ አይደለህም»! ቀልድ አይደለም። «አለ» ብለን ስንጽፍ ተናገረ ይሁን ይገኛል፣ ፊደሉ አይነግረንም፤ አጥብቀን ወይም አላልተን የምንለየው ከአሳቡ ተነሥተን ነው። ማድቫም አባትየው ለልጁ የሰጣቸው ምሳሌዎች ሁሉ ልዩነትን ነው የሚያሳዩት ብሎ ተከራከረ።

እኔ እንደ አንባቢ ማድቫ አላሳመነኝም። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ አባትየው ጨው ውኃ ውስጥ አስጨምሮ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ሲያስቀምሰው ልዩነትን እያስተማረ ነው ማለት ይከብደኛል። ከፊደሉ በስተጀርባ ያለውን ጥያቄ ግን ማንም ሊንቀው አይገባም፤ ወዳጅና ተወዳጅ አንድ ከሆኑ ፍቅር ከየት ይመጣል? የሚጸልይ ሰው ለማን ይጸልያል? ኡዱፒ ውስጥ እስከ ዛሬ በክሪሽና ፊት የሚቆመው ምእመን ሶሃም አይልም፤ ማለትም አይፈልግም።

በአድቫይታ ቤት ውስጥም ጸብ ነበር፣ ለኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው እሱ ነው። ማንዳና ሚሽራ ከቃሉ የሚገኘው እውቀት ብቻውን አይበቃም፤ ውስጥ ድረስ እንዲዘልቅ ደጋግሞ ማሰላሰል ያስፈልጋል አለ። የሻንካራ ደቀ መዝሙር ሱሬሽቫራ አልተቀበለውም። የሚያብራራው ከመምህሩ በወረሰው ታሪክ ነው። አሥር ሰዎች ወንዝ ተሻገሩ። ማዶ ደርሰው አንዱ ቆጠረ፤ ዘጠኝ። ሌላውም ቆጠረ፤ ዘጠኝ። አንዱን ወንዝ ወሰደው ብለው ተቀምጠው ሲያለቅሱ አላፊ መንገደኛ ደረሰ። ቆጠራቸው፣ ገባው፣ ከመሃላቸው አንዱን ነካ አድርጎ «አሥረኛው አንተ ነህ» አለው። እያንዳንዱ ራሱን ሳይቆጥር ነበር የቆየው።

የጠፋው ሰው ከወንዙ አልወጣም፤ አልገባምና። ሰውዬው «አሥረኛው እኔ ነኝ» እያለ ለ40 ቀን መድገምም አያስፈልገውም። ከሰማ ሰማ። ከሱሬሽቫራ ጋር በዚህ እስማማለሁ፤ ከማንዳና ጋር የምስማማው ደግሞ ለቅሶው የነገሩትን ሁሉ የማያሰማ መሆኑን ሳስብ ነው። ድግሙ እውነቱን አያመጣም፣ ለቅሶውን ግን ሊያስታግስ ይችላል።

ባለፈው ክፍለ ዘመን ሶሃምን በዓለም ካስተዋወቁት አንዱ የቦምቤይ ባለ ሱቅ ነው። ኒሳርጋዳታ ማሃራጅ እ.ኤ.አ. በ1897 ተወለደ፤ ቢዲ ይሸጥ ነበር፣ በቅጠል የሚጠቀለለውን የድሃ ሲጋራ። በ1933 መምህሩን አገኘ፤ የታዘዘውም «ነኝ» በሚለው ስሜት ላይ እንዲቆይ፣ ከዚያ ንቅንቅ እንዳይል ነበር። ከሱቁ ሥራ ጋር ያንኑ ብቻ አደረገ። ከጊዜ በኋላ ቤቱ ባለች ጠባብ የፎቅ ክፍል ሰዎች እየመጡ ይጠይቁት ጀመር፤ እሱ በማራቲ ይመልሳል፣ ሌላው ይተረጉማል። ንግግሩ በ1973 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ የመጽሐፉ ርእስ «ሶሃም» ሲተረጎም ነው። ሰውዬው ግን ገዳማዊ አልነበረም። ይቆጣል፣ ያጨሳል። በ1981 በጉሮሮ ካንሰር ሞተ።

በታሚል ናዱ፣ አሩናቻላ ተራራ ሥር፣ በ16 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1896 መጥቶ በ1950 እስኪሞት ያልተንቀሳቀሰው ራማና ማሃርሺ ስለ ሶሃም ሲጠየቅ ረዳት መሆኑን አይክድም። ነገር ግን «እሱ እኔ» ከማለት በፊት እኔ የሚለው ማን እንደሆነ ይጠየቅ ይል ነበር። ካላወቅኸው ነገር ጋር ያላወቅኸውን ነገር ማስተካከል ምን ይረባል? ለአውሮፓውያን እንግዶቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ቦታ ደጋግሞ ይጠቅስላቸው ነበር፤ ሙሴ በቁጥቋጦው እሳት ፊት ቆሞ ስም ሲጠይቅ የተመለሰለትን። ያ መልስ ስም አይሰጥም፤ መኖርን ብቻ ይናገራል። እኛ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3ን ስናነብ ሌላ ነገር እንሰማ ይሆናል፣ ራማና ግን ከዚያ የተሻለ አነጋገር አላገኘሁም ባይ ነበር።

ወደ ትንፋሹ ልመለስ፤ ሶሃም በትንፋሽ ላይ ለምን እንደተጫነ አሁን ይታየኛል። «እኔ እተነፍሳለሁ» እንላለን። ሲጨልም ግን እንተኛለን፤ እንዲህ የሚለው «እኔ» ይጠፋል፣ ትንፋሹ ይቀጥላል። ማን እየተነፈሰ ነው? የሰው ልጅ ከሚሠራቸው ሥራዎች ውስጥ እንደ ትንፋሽ በሁለት በር የሚገባ ጥቂት ነው። ልብ አዝዤ አላቆማትም፣ እጄ ሳላዘው አይነሣም፤ ትንፋሽ ግን ሳዘው ይታዘዛል፣ ስረሳው ራሱ ይሠራል። ባለቤት ነኝ የሚለው ሰው ባለቤትነቱ የሚያጠራጥረው እዚህ በር ላይ ሲቆም ነው። ያን ማታ ስቆጥር ያስቸገረኝም ይኸው ነበር፤ በስልኬ ላይ ቁጥር ሲወርድ ባየሁ ጊዜ ጌታው እኔ ሆኜ ገባሁ።

ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ሃይማኖት መለወጥ አይጠይቅም፣ እግር ማነባበርም አያስፈልግም። ወንበር ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ አፋችሁን ዝጉ። ሲገባ «ሶ»፣ ሲወጣ «ሃም» የሚል ድምፅ በውስጣችሁ ስሙ፤ እናንተ አታሰሙት። ትንፋሹ አጭር ከሆነ አጭር ይሁን። በመግባትና በመውጣት መሃል ትንሽ ፋታ አለች፤ አታስረዝሟት። አሳብ ሲወስዳችሁ ተመለሱ፣ ራሳችሁን አትውቀሱ። ከቆያችሁ በኋላ ድምፁን የሚሰማው ማን እንደሆነ ዘወር ብላችሁ ተመልከቱ፤ መልስ አትፈልጉ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ራስ ካዞራችሁ ወይም ደረት ከጨነቃችሁ አቁሙ፤ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ትንፋሽ አያግት፣ በሌላ መጽሐፍ ቢታዘዝም። ስልካችሁንም ሌላ ክፍል ተዉት።